ማንቆርቆሪያውን ይዛችሁ ኑ

ስልኩ ሲጮህ ሚትሱኮ ዓሣውን ልታገላብጥ መቆንጠጫዋን አንስታ ነበር። ባሏ ኩራሞቺ ከሳሎን አነሳው። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዴት አደራችሁ ምናምን ሲል ቆየና ሳቁን ለቀቀው። «አለ እንጂ! የት ይሄዳል? ወጥ ቤት ነው፤ ሚትሱኮ የገብስ ሻይ ታፈላበታለች» ሲል፣ ማዶ ያለውም ሰው ሲንከተከት እስከ ምድጃው ድረስ ተሰማት። የሚሳሳቁት ስለ ማንቆርቆሪያው ነው። ማንቆርቆሪያው ደግሞ እዚያው ከዓሣው ጎን ተጥዶ መንፈቅፈቅ ጀምሯል። ኩራሞቺ ስልኩን ዘግቶ በበሩ ብቅ አለና ይዛችሁ ኑ ነው የሚሉት፣ ቀይ ጨርቅ አንጥፈው ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጡት ነው፣ ሰዉ አብሮት ፎቶ ሊነሳ ነው አላት። ሚትሱኮ ዓሣውን አገላበጠችው፤ በአንድ ጎኑ አርሮ ነበር።

ቀኑ የኩራሞቺ ቀን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ራግቢ አሰልጥኖ፣ ዘጠኝ ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ አንስቶ፣ ባለፈው ወር ፊሽካውን ለተተኪው አስረክቧል። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የቀድሞ ተጫዋቾቹ ሺንጁኩ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር የአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ይዘው ያመሰግኑታል። እንደው ሰው ነኝ ብሎ ቢኮራ ማን ይፈርድበታል? በሰሜን፣ በብረት ማቅለጫ ከተማ፣ የምድጃ ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ነው ያደገው። ቶኪዮ ሲመጣ የነበረው አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ለሜዳውም ለመንገዱም እሱኑ ያደርግ ነበር። ቡድኑን ሲረከብ ቡድኑ የመጨረሻው መጨረሻ ነበር፤ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከእነሱ ጋር የሚገጥሙበትን ቀን እንደ ዕረፍት ነበር የሚቆጥሩት። በአራት ዓመት ውስጥ ለፍጻሜ አደረሳቸው፣ በአምስተኛው ዋንጫውን በሉ። ሚትሱኮም ያን ጊዜ ቁጭ አላለችም። ሃያ ሁለት ዓመት ከተጫዋቾቹ ጋር በቡድኑ ማደሪያ ኖራ፣ ለዘጠና ጎረምሳ ሩዝ ስትቀቅል፣ ጭቃ የጠጣ ካልሲ ስታጥብ፣ ሲታመሙ ግንባራቸውን ስትዳብስ ነው ያረጀችው። እማማ ነው የሚሏት። ዛሬ ሆዳቸውን ገፍተው የሚመጡት እነዚያ ሦስት መቶ ሰዎች የእሷን ሩዝ ያልበላ የለባቸውም።

የዛሬ ልጆች አያውቁትም እንጂ፣ ማንቆርቆሪያ ያኔ የሜዳው ሐኪም ነበር። ተጫዋች ተመትቶ ይወድቃል፤ አይነሳም። አንዱ ማንቆርቆሪያ ይዞ ይሮጥና ቀዝቃዛ ውሃ ከአናቱ ላይ ያንቆረቁርበታል። ልጁ ደንግጦ ብድግ ይላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ተአምረኛው ውሃ ይሉት ነበር። ውሃው ጭንቅላት ውስጥ የገባውን ጉዳት ምን ያደርገዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሚትሱኮም አልጠየቀችም። በግጥሚያ ጠዋት ሁሉ ከቧንቧው ሞልታ፣ ክዳኑን ጫን አድርጋ የምትሰጠው እሷ ነበረች። ዛሬ ደንቡ ተለውጦ ሐኪም ከሜዳው ዳር ይቆማል፣ ጭንቅላቱን የተመታ ወጥቶ ይመረመራል። ማንቆርቆሪያው ከሜዳ ጠፍቷል፤ የጠፋው ግን ከሜዳ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ሲቀምሱ ያነሱታል፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። የግብዣው ካርድ ሽፋን ላይ እንኳ ያወጡት የእሱን ፎቶ ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ የአምስተኛው ዋንጫ ፍጻሜ ላይ፣ አንድ ልጅ ተንበርክኮ፣ ኩራሞቺ ከላይ ውሃ ሲያፈስበት። ልጁ ልጃቸው ሹንጂ ነው። ካርዱ ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሚትሱኮ በግንባሩ ደፍታ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች።

ሹንጂ አርባ ዓመት ሞላው። ከላይ ፎቁ ላይ፣ ወለሏ በስድስት ምንጣፍ በሚሸፈን ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖራል። መጋረጃው ቀንም ሌትም አይከፈትም፤ ብርሃን ራሱን ይፈልጠዋል። በቀን አራት ሰዓት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያሽጋል። ይህ አሥራ ሁለተኛ ሥራው ነው፤ ከአሥራ አንዱ ያስወጡት አንዴ ሰዓት ረስቶ፣ አንዴ መንገድ ጠፍቶበት፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምክንያት አለቃው ላይ ጮኾ ነው። የአንጎል ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለእናትና አባቱ አስረድቷቸዋል፤ መጀመሪያ የተመታው ሳይድን ደጋግሞ ስለተመታ ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም ብሏቸዋል። ሹንጂ ግን ይህን አይቀበልም። ስንፍና ነው ይላል። ከዚያ ቀን አንድም ነገር አያስታውስም፤ የሚያውቀው ጋዜጣ ላይ የወጣውን ነው። ጋዜጣው ደግሞ ከአልጋው ራስጌ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ኩራሞቺ በማግስቱ ለጋዜጠኛው የተናገረው ነው የተጻፈው፦ ላወጣው ነበር፣ እሱ ግን እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ልግባ ብሎ ለመነኝ፣ ገባና ኳሷን ከመስመሩ ማዶ አሳረፋት፣ አሸነፍን። ውሸት ነው። ልጁ አልለመነም። ሚትሱኮ ከመቀመጫዎቹ ሁሉ ፊት፣ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር፤ በጆሮዋ ነው የሰማችው። ሹንጂ ያን የጋዜጣ ወሬ አምኖ፣ በገዛ እጄ ፈልጌ የገባሁበት ነው፣ እንግዲህ መቻል አለብኝ እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራሱን ሲራገም ይኖራል። እሷ አምስት ጊዜ እውነቱን ነግራዋለች። አምስቱንም ጊዜ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ እማዬ እኔን ለማጽናናት ነው፣ ይገባኛል ብሏታል።

ኩራሞቺ ሩዙን ጨርሶ ሾርባውን ሲያነሳ፣ ሚትሱኮ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የሆዷን በሆዷ ይዛ የኖረች ሴት ናት፤ አፍ አውጥታ እንዲህ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

«ዛሬ እነሱ ፊት እውነቱን ትናገራለህ። አልለመነኝም ትላለህ።»

ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ሚትሱኮ።»

«ያፈሰስከውማ አንተ ነህ። የሞላሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የራሴን አልካድኩም።»

ለብቻው ብነግረውስ ብሎ ጠየቃት። የእኔን አላመነ፣ የአንተን ለብቻህ ቢሰማም አሰልጣኝ አዘነልኝ ነው የሚለው፣ የቡድን ጓደኞቹ እነ ኦቺያይ ባሉበት ስትናገር ከሰማ ግን ያምናል፤ እሱ የእነሱን አፍ ነው የሚያምነው አለችው። እውነቷን ነው። ሹንጂ ማደሪያው ከገባባት ቀን አንስቶ ኩራሞቺን አሰልጣኝ እንጂ አባባ ብሎት አያውቅም፤ ቡድኑን ከተሰናበተ ከስንት ዘመን በኋላም፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ጨው አቀብለኝ ሲለው እንኳ አሰልጣኝ ይላል።  የግድግዳው ሰዓት ይሰማል፣ ጎረቤት ልብስ ታጥባለች። ከላይ ሹንጂ ከአልጋው ሲወርድ ጣሪያው ሲጢጥ አለ። «እሺ» አለ ኩራሞቺ በመጨረሻ። እሺ ያለው ሊያደርገው ይሁን ሊገላገላት፣ ሚትሱኮ አላወቀችም። አርባ አራት ዓመት አብራው ኖራ ይህን አለማወቋ ለራሷም ገረማት።

ማንቆርቆሪያውን ፈግፍጋ ፈግፍጋ ስታጥበው የውስጡ ነጭ ዝቃጭ አልላቀቅ አላት፤ ተወችው። በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልላ ቋጠረችውና ጭኗ ላይ አድርጋ ባቡር ላይ ተቀመጠች። ሹንጂ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሙሉ ልብሱን ባለፈው ዓመት በቅናሽ በአሥራ ዘጠኝ ሺህ የን ነው የገዙለት፤ ትከሻው ላይ ይሰፋዋል። ያ ሰፊ ትከሻ የት እንደገባ እሷም አታውቅም። የቡድኑን ክራባት አስሯል፤ ማሰሩን አይረሳም፣ እሱን ጣቱ ያስታውሰዋል። ሲመጡ ጣቢያው አጠገብ ያለው ሱቅ አንድ ፖም ሁለት መቶ ሰማንያ የን ብሎ መለጠፉን አይቶ ነበርና፣ ፖም እንዲህ ተወደደ እንዴ አለ። ተወደደ አለችው። ጎመንም ተወዷል አለች። ኩራሞቺ ቆሞ እጀታውን እንደያዘ ውጭውን ያያል። ሦስት ጣቢያ አለፈ። ከዚያ ሹንጂ፣ ዛሬ ኦቺያይ ይመጣል አይደል ብሎ ጠየቀ፤ ግብዣውን ያዘጋጀው ኦቺያይ መሆኑን ጠዋት ሁለቴ ተነግሮታል። ይመጣል አለችው ለሦስተኛ ጊዜ።

ኦቺያይ የያኔው አምበል ነው፤ አሁን የግንባታ ድርጅት ኃላፊ ሆኖ ጉንጩ ሞልቷል፣ የቀድሞ ተጫዋቾቹ ማኅበርም ጸሐፊ እሱ ነው። አዳራሹ በር ላይ ተቀብሏቸው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና፣ እማማ ያቺን ነገር አመጡልኝ ብሎ ቋጠሮውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበላት። ሴቶቹን ከአስተናጋጆቹ መውጫ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ነው ያስቀመጧቸው። ሰሃን የያዙ ልጆች ከኋላቸው ይመላለሳሉ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የዘይት ሽታ ይመጣል። የአንዱ ሚስት መግቢያው ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ሺህ የን ሆኖ ምነው ጥሬ ዓሣው እንዲህ ሳሳ ብላ አንሾካሾከች፤ ሌሎቹ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሚትሱኮ ዓይኗን ከቀዩ ጨርቅ አላነሳችም። ወንዶቹ ተሰልፈው ማንቆርቆሪያውን ያነሳሉ፣ አንዱ በሌላው አናት ላይ ያፈሰሰ መስሎ ይደፋዋል፣ የተደፋበት እየተንዘፈዘፈ ይነሳል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሳቁ ጣሪያ ይነካል። ሽበታም ሰዎች ናቸው እኮ።

ከዚያ ኦቺያይ ሹንጂን ጠራው። ና አንተ፣ ባለታሪኩ አንተ እያለህ እኛ እናስመስላለን እንዴ፣ ተንበርከክ አለው። ሹንጂ ደስ ብሎት ሄደ። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና፣ ቀይ ምንጣፉ ላይ ልክ በካርዱ እንዳለው አድርጎ ተንበረከከ። ኦቺያይ ማንቆርቆሪያውን ከራሱ በላይ ያዘለት። ሠላሳ አርባ ስልክ ብልጭ አለ። ብልጭታው ዓይኑን ሲወጋው ሹንጂ ፊቱ ተጨማደደ፤ ግን አልተነሳም፣ እየሳቀ ቆየላቸው። አንድ ጊዜ ድገሙት አሉ፤ ደገሙት። ሚትሱኮ ዓይኗን አንስታ ባሏን ፈለገችው። ኩራሞቺ ከፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ልጁን ያያል። ብርጭቆውን አንስቶ ወደ አፉ ሳያደርስ መለሰው። ያኔ ነው ይናገራል ብላ ያመነችው።

ንግግር የሚያደርጉት ብዙ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ሰው ተናገረ፣ አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ተናገረ። ሁሉም ስለዚያ ልማድ አነሱ፤ በግጥሚያ ዋዜማ ኩራሞቺ አሥራ አምስቱን በስማቸው እየጠራ ማሊያ ሲሰጣቸው፣ እንደ ግንድ ያሉ ጎረምሶች እንዴት እንደሚያለቅሱ። አራት ዓመት ሙሉ ማሊያ ሳይደርሰው የጨረሰው አንዱም ተነስቶ፣ እኔ ያልደረሰኝ ቢሆንም ያ ሌሊት ሰው አደረገኝ ብሎ አለቀሰ። ኩራሞቺ ተራው ሲደርስ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ፣ አየውና መልሶ አጠፈው።  ሚትሱኮ መሀረቧን ጨበጠች።

ስለ አምስተኛው ዋንጫ አንድ የምናገረው አለኝ አለ። ድምፁ ያ የሜዳ ድምፁ አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ የተሰበረ ነበር። ሹንጂ በሁለተኛው አጋማሽ ሲወድቅ ሄጄ ጎኑ ተንበረከክሁ፤ ውጤቱ ስንት ለስንት ነው ብዬ ጠየቅሁት፣ አላወቀም። ከማን ጋር ነው የምንጫወተው አልኩት፣ አላወቀም። ስምህ ማን ነው አልኩት። ከዚህ በኋላ ወደ ሴቶቹ ጠረጴዛ ተመለከተ።

«ስሙን አላወቀውም። እማዬ ጫማዬ የት አለ? ነው ያለኝ። እንደ አምስት ዓመት ልጅ። ሰምቼዋለሁ። ልግባ ብሎ አልለመነኝም፤ ለጋዜጣው የነገርኩት ውሸት ነው። በሦስት ነጥብ ተመርተን ስለነበር፣ ውሃውን አፍስሼ አስነሳሁትና ገፍቼ አስገባሁት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወገቡን አጥፎ፣ ግንባሩ ጠረጴዛውን ሊነካ እስኪደርስ፣ ወደ ልጁ አቅጣጫ እጅ ነሳ። ቀናም አላለም። ሚትሱኮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሳላት ተሰማት። ተባለ፣ በቃ ተባለ አለች በልቧ። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ሲንሰቀሰቅ ይሰማል፤ ኦቺያይ ነው። ኦቺያይ እንባው በጉንጩ እየወረደ ተነሳ። «የገዛ ልጁን!» አለ። «የገዛ ልጁን ነው ለእኛ የሰጠን! እኔ አምበል ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን ተሸክሞት!» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ከጎኑ ያለው ተነሳ፣ ከዚያ ጠረጴዛው በሙሉ ተነሳ፣ ከዚያ አዳራሹ። ጭብጨባው ዶፍ ሆነ። አንዱ አሰልጣኝ አሰልጣኝ እያለ መጮህ ጀመረ፣ ሌላው ሹንጂን አቅፎ ወደ ፊት ገፋው፣ አባትና ልጅን አጠገብ ለአጠገብ አቆሙና የቡድኑን መዝሙር አነሱ። ኩራሞቺ አይደለም፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም እያለ እጁን ያወዛውዛል፤ እነሱ ትሕትና መሰላቸውና ይበልጥ አጨበጨቡ። ሚትሱኮ ተነሳች። ኧረ ስሙት፣ ያለውን ስሙት ልትል አፏን ከፈተች፣ ግን በዚያ መዝሙር መሃል የአንዲት አሮጊት ድምፅ ማን ይሰማዋል? ጎኗ ያለችው ሴት እንባዋን እየጠረገች ክንዷን ያዘቻትና ታድለሽ አለቻት።

ማንቆርቆሪያውን ማኅበሩ ለዋንጫ ማሳያው ይፈልገዋል ብለው አስቀሩት። ሚትሱኮ አልተከራከረችም፤ ይውሰዱት አለች። ስጦታ የተሰጣቸውን የሸክላ ሳህን በካርቶን ይዘው ወደ ባቡሩ ሲወርዱ ገና ጀንበር አልጠለቀችም ነበር። ሰዉ ከገበያ እየተመለሰ ስለሆነ አንድ መቀመጫ ብቻ ነው የተገኘው፤ ሁለቱም ሹንጂን አስቀመጡት። ሹንጂ መነጽሩን አድርጎ ግንባሩን በጣቶቹ ያሻል። ራሱን እንዳመመው ታውቃለች፤ ነገ ቀኑን ሙሉ አይነሳም። መጠበቅ አልቻለችም። ጎንበስ አለችና በጆሮው፣ አባትህ ያለውን ሰማህ ወይ አለችው።

«ሰማሁ» አለ።

«አልለመንክም። አንተ አልነበርክም የፈለግኸው። እንደዚህ የሆንከው በአንተ ጥፋት አይደለም፣ ገባህ ልጄ?»

ሹንጂ ጥቂት አሰበ። ሲያስብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከጉዳቱ ወዲህ ያመጣው ነው። ፊቱ ላይ ከልጅነቱ ወዲህ ያላየችው ዓይነት አድናቆት ታያት።

«ስሙን እንኳ ሳያውቅ ገብቶ ኳሷን አሳረፋት እኮ» አለ። «ምን ዓይነት ጎበዝ ልጅ ነበር፣ እማዬ። እኔ ስሜን እያወቅሁ ጠዋት መነሳት ያቅተኛል።»

ሚትሱኮ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ኩራሞቺ ከበላያቸው እጀታውን ይዞ ቆሟል፤ ሰምቷል። ሹንጂም አባቱ መስማቱን አየና ሰው በሞላበት ባቡር መሃል፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ከጭኑ ጋር አጣብቆ እንደ ጥንቱ አንገቱን ሰበረ። «ከነገ ጀምሮ እሻሻላለሁ፣ አሰልጣኝ» አለው።

ኩራሞቺ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ይህን ለሚለው ልጅ ሁሉ የሚመልሰው መልስ አንድ ነበር፤ አፉ ሌላ አልለመደም።

«በርታ» አለው።